ታስሮ የማያውቅ ሾፌር

አሶሳ ገበያ ጀርባ፣ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ሄዳችሁ ሾፌሩን ሰራዊትን ብትጠይቁ፣ «የትኛውን? የበሰበሰ ማንጎ የጫነውን?» ይሏችኋል። ብዙ ሰራዊት ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ያለው አንድ ብቻ ነው። የዚያ ሜዳ ሰው ግን ቅጽል ሳይለጥፍ ሰው መጥራት አይሆንለትም። ወደ ማንጎው በቦታው እንመለሳለን። አስቀድሞ ሰውየውን ማወቅ ይሻላል፤ እሱን ሳያውቁ ታሪኩን የሰሙ ሰዎች አሠሪውን ሐጂ ዓብዱልላጢፍን ሞኝ ሲሏቸው ተሰምቷል። ሐጂ ብዙ ነገር ናቸው፤ ሞኝ ግን አይደሉም።

ሰራዊት የሰፋሪ ልጅ ነው። ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው፣ በጭነት መኪና ተጭነው መጥተው አሶሳ ዙሪያ ካሉት፣ አምባ ከሚባሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ሰፈሩ፤ እሱ የተወለደው እዚያው ነው። እናቱ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «እኛ እንደ እህል ተጭነን መጣን፤ ልጄ ግን ጫኝ እንጂ ተጫኝ አይሆንም» ትል ነበር። ቃሏ ደረሰላት። ቁመቱ ጉበን የሚነካ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ግን የቀጠነ ሰው ነው፤ በስልክ ብቻ የሚያውቁት ነጋዴዎች በአካል ሲያገኙት «ሰራዊት የታለ?» ብለው ራሱን ይጠይቁታል። ዳገት ሲወጣ ከመኪናዋ ጋር ያወራል። «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» ይላታል፣ የቀረው ብዙም ቢሆን።

ሚስቱ ጤናዬ ገበያ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ትሸጣለች። ምላሷ ፈጣን ነው፤ እሷን በዋጋ የተከራከረ ሰው ሽንኩርቱን ገዝቶ፣ ይቅርታም ጠይቆ ይሄዳል። ዝም ማለት ያለባትን ጊዜ ግን እንደ እሷ የሚያውቅ የለም። ይህም በኋላ ይመጣል።

ሰራዊት ሌባ ነበር። ቃሉ ይሻክራል፤ እሱ ራሱ ግን ሌላ ቃል ስለማይጠቀም እኛ ልናለዝብለት አይገባም። ገና ጎረምሳ ሳለ ወለጋ ውስጥ ለአንድ ሥራ ተቋራጭ ሲሚንቶ ያመላልስ ነበር። ተቋራጩ እንደ ልጁ ነበር የሚያየው፤ የመኪናውንም የመጋዘኑንም ቁልፍ እሱ ዘንድ ትቶ ይተኛል። ሰራዊትና የመጋዘኑ ጠባቂ ተመካክረው ክረምቱን ሙሉ ከየጭነቱ ጥቂት ጥቂት እያወረዱ መንገድ ዳር ሸጡ። ለምን ሲባል፣ «ስለቻልኩ» ይላል። የታመመች እናት፣ የተራበ ልጅ አያመጣም። ፍርድ ቤት ቀርቦም «አጥፍቻለሁ» አለ፤ እምነት በማጉደል ተፈርዶበት ነቀምት ሦስት ዓመት ታሰረ።

እስር ቤት ውስጥ ከሁሉም የከበደው ተቋራጩ አንድ እሑድ ሊጠይቀው መምጣቱ ነበር። ሰውየው ሙዝ ይዞ መጣ። «ደኅና ነህ?» አለው፤ ሌላ ቃል ሳይጨምር ሄደ። ቢሰድበው ኖሮ እንዴት በቀለለው። ሰራዊት ሙዙን ለክፍሉ ሰው አድሎ እሱ ሳይቀምስ ቀረ። ዛሬም ሙዝ አይበላም።

ሲፈታ ጤናዬ ጠብቃው ነበር፤ ሥራ ግን አልጠበቀውም። መንጃ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ አለ፣ እጁም መሪ አልረሳም። በሄደበት ሁሉ ግን «አሻራ ስጥና ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት አምጣ» ይሉታል። ሸርቆሌ ድረስ በሚኒባስ ሄዶ ለስደተኞች ውሃ የሚያመላልስ ሾፌር የሚቀጥር ድርጅት በር ላይ ተሰለፈ፤ ወረቀቱን ሲጠይቁት በመጣበት ሚኒባስ ተመለሰ። ወረቀት የማይጠይቁት ደግሞ ዋስ ይጠይቃሉ፤ ዋስ ሁኑኝ ሲላቸው ዘመዶቹ ስልክ አያነሡም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። በመጨረሻው ጫኝና አውራጅ ሆነ። ሌላው የሚነዳውን መኪና እሱ በትከሻው ይሞላል፤ መኪናው ሲነሣ ቆሞ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፣ «ይኼ ሰውዬ ማርሽ እየቀደመ ነው» ብሎ ለራሱ ያጉረመርማል።

ሐጂ ዓብዱልላጢፍ የአሶሳ ዙሪያ ተወላጅ፣ የሽመልና የማንጎ ነጋዴ ናቸው። ሽመል የቆላ ቀርከሃ ነው፤ ልሙጥና ረጅም ስለሆነ በደንብ ካልታሰረ ቁልቁለት ላይ እየተንሸራተተ ከመኪናው ይወጣል። በዚያ ሰሞን የሐጂ ሾፌር ገመዱን አላልቶ ኖሮ፣ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ጭነቱ በሙሉ ገደል ገባ። ሰው አልተጎዳም እንጂ ንብረቱ አለቀ። ሐጂ ሾፌሩን አሰናብተው ሌላ ሲያፈላልጉ፣ አንድ ሰው «ያ ረጅሙ ወዛደር መንጃ ፈቃድ አለው» አላቸው።

እዚህ ላይ ስለ ሐጂ አማርኛ ጥቂት መባል አለበት። ቤታቸው የሚናገሩት የበርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛን ገበያ ላይ ነው የለቀሙት። ወንድና ሴት አይለዩበትም፤ ሚስታቸው ዓኢሻም፣ ልጃቸው ኑሃም፣ ጓሮ ያለችው ፍየልም ሁሉም «እሱ» ናቸው። ግሱንም እንደመጣላቸው ነው የሚያረቡት። ሰው ይረዳቸዋል፤ እሳቸውም ገበያ አልጎደለባቸውም። እንግዲህ ሰራዊት የማሽላ ጆንያ እንደተሸከመ አጠገቡ ደርሰው ቆሙ።

«ሾፌር ነህ?» አሉት።

«ነኝ፣ ሐጂ።»

«ታስረህ ታውቃለህ?»

ሰራዊት ጆንያውን መሬት አኖረው። ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆታል፤ ሁሉም ግን በወረቀትና በዋስ አሳብሮ፣ ዓይኑን ሸሽቶ ነው። እንዲህ ፊት ለፊት የጠየቀው ሰው አልነበረም። መዋሸት አማረው። ከዚያ ደግሞ ሽማግሌው ዓይኑን አተኩረው ሲያዩት አፈረ።

«አዎ፣ ሐጂ። ታስሬያለሁ» አለ።

«ብዙ?»

«ሦስት ዓመት።»

ሐጂ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሦስት ዓመት ሙሉ? የት?»

«ነቀምት።»

«ነቀምት ጥሩ ነው። እዚያ በደንብ ይታሰራል።»

«ጥሩስ አይደለም ሐጂ» አለ ሰራዊት፣ «ግን ያው፣ ይታሰራል።»

«የበፊቱ ሾፌር ታስሮ አያውቅም። ንብረት ሁሉ አጠፋብኝ» አሉ ሐጂ፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው እየሰደዱ። «እኔ ታስሮ የማያውቅ ሾፌር አልፈልግም። ታስሮ የማያውቅ ሰው ንብረት ያጠፋል።» ከዚያ የአይሱዙዋን ቁልፍ አውጥተው መዳፉ ላይ አኖሩለት። «አማና ነው» አሉ፤ አደራ ማለታቸው ነው። ለምን እንደታሰረ እንኳ ሳይጠይቁት ሄዱ።

ሐጂ ሊጠይቁ የፈለጉት «አስረህ ታውቃለህ?» ብለው ነበር። ስለ ገመድና ስለ ሽመል ነበር ጥያቄው። የ«ታውቃለህ» «ታ» ወደ ፊት ሮጣ የ«አስረህ»ን «አ» ገፍትራ ቦታዋን ያዘች፤ ጥፋቱ በሙሉ ይኸው ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ይህኛው ወለምታ ግን ወድቆ የነበረ ሰው አቆመ።

ሰራዊት ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ጤናዬ ሽንኩርት ትለቅም ነበር። ቁልፉን አሳያት። ሐጂ ያሉትን ቃል በቃል ነገራት፤ ደግሞ ነገራት። ጤናዬ አንዱን ሽንኩርት እያገላበጠች ቆየች። «ታስሮ የማያውቅ ሰው ንብረት ያጠፋል አሉህ?» አለች። «እንደዚያ አሉኝ። እዪው እንግዲህ፣ ሰው ማለት ይኼ ነው። የታሰረ ሰው የንብረትን ዋጋ ያውቃል ማለታቸው እኮ ነው» አለ፤ ቀጭን ድምፁ ጭራሽ ቀጥኖ። «ትልቅ ሰው ናቸው» አለች ጤናዬ፤ ሽንኩርቷንም መልቀም ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ ሰራዊት በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የኖረው። በእሷ ተነሥቶ በእሷ ይተኛል። አምባው ውስጥ የሆነ ሰው በነገር ሲወጋው፣ «ሐጂ ምን እንደሚሉ ታውቃለህ?» ብሎ ይጀምራል። አገር የሚያውቀውን ነገር ሐጂ እንዴት አልሰሙም ትሉ ይሆናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ደግሞም የሰራዊትን ነገር የሚያወሩት ሰፋሪዎቹ ናቸው፤ እነሱና የሐጂ ሰፈር ሰዎች ሲገናኙ የሚለዋወጡት ሰላምታና ዕቃ ነው እንጂ ሐሜት አይደለም። ሐሜት ለመለዋወጥ የበለጠ መቀራረብ ያስፈልጋል።

ሌላም መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። ሐጂ ጭነት በተጫነ ቁጥር ከታች ቆመው «ታሰር! ጠበቅ አድርገህ ታሰር!» ይሉታል። እሱም ሽመሉ አናት ላይ ሆኖ እየሳቀ ያስራል። ይህን ሁሉ ዓመት እየሰማ የመጀመሪያውን ቀን ጥያቄ እንዴት አልጠረጠረም? ሰው የሚኖርበትን ቤት መሠረት ቆፍሮ አያይም። ቤቱ ከሞቀው ምን አስቆፈረው?

አሁን ወደ ማንጎው እንምጣ። በአንዱ የማንጎ ወቅት ሰራዊት ሞልቶ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ፣ ወለጋ ውስጥ ተኩስ ተነሥቶ መንገዱ ከፊቱ ተዘጋ። አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ መኪኖች ተደርድረው ቆሙ። ማንጎ ደግሞ መንገድ እስኪከፈት አይታገሥም። ሌሎቹ ሾፌሮች ጭነታቸው እየበሰበሰ መሄዱን ሲያዩ ገደል ገፍተውት፣ መኪናቸውን አጥበው ባዶአቸውን ተመለሱ። ሰራዊት ከመኪናዋ ሥር እየተኛ ጠበቀ። መንገዱ እንደማይከፈት ሲረጋገጥ አዙሮ፣ የበሰበሰውን ማንጎ አንዲት ሳትጎድል እንደጫነ ወደ አሶሳ ተመለሰ። ዝንቡ እንደ አጃቢ ተከትሎት መጣ። ፍተሻ ላይ ያሉት ፖሊሶች አፍንጫቸውን ይዘው ገና ከሩቅ ገመዱን አነሡለት። ከተማው ሲገባ ሰው መስኮት ዘጋ።

ሐጂ በሩ ላይ ወጥተው አዩት። «አንተ ያበድክ ሰው» አሉ፣ «ለምን አልጣልክም?»

«አንቱ ሳያዩት አልጥልም» አላቸው።

ሐጂ ሳቁ፤ ከአጥሩ ውጭ ጉድጓድ አስቆፍረው አስቀበሩት። በሚቀጥለው ዝናብ ከጉድጓዱ ላይ የማንጎ ችግኝ ጫካ ሆኖ በቀለ። ሰራዊት ግን ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሐጂ ያኔ አልገባቸውም፤ የዋህነት መሰላቸው።

ነገሩ የፈረጠው ባምባሲ ላይ ነው። ሐጂና ሸሪካቸው ሙርሳል አንድ ላይ ሽመል ሊያስጭኑ ሄደው ነበር። ሙርሳል የሐጂ ሰፈር ሰው፣ አማርኛው እንደ ውሃ የሚፈስ፣ ቁጡ ባይሆንም ተጠራጣሪ የሆነ ነጋዴ ነው። ሽመሉን ከሚጭኑት ሰዎች መካከል አንዱ፣ ዳበሳ የሚባል፣ ሰራዊትን ገና ሲያየው የተሸከመውን ጥሎ ሮጠ። «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ» እያለ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ዳበሳ ጠጅ ቤት ውስጥ በተነሣ ጠብ የሰው መንጋጋ ሰብሮ ነቀምት ታስሮ ሳለ፣ ከሰራዊት ጎን ነበር የሚተኛው። ደጉ ሰው ደስታውን ብቻውን መያዝ አቃተውና ወደ ሐጂ ዞረ።

«ሐጂ፣ ይኼን ልጅ ከየት አገኙት? እኔና እሱ እኮ አንድ ላይ ነው የታሰርነው።»

ሐጂ ፊታቸው በራ። «አብራችሁ ታሰራችሁ? እሱ ጎበዝ ነው። እንግዲያውስ ዛሬም አብራችሁ ታሰሩ።»

ዳበሳ የሳቀበት አፍ እንደተከፈተ ቀረ። «ዛሬም?» አለ። «ምን አጥፍተን፣ ሐጂ?»

«ሽመሉ ብዙ ነው። ለሁለት ታሰሩ፣ ቶሎ ያልቃል።»

ሰራዊት መጀመሪያ ሳቀ። ሙርሳል ግን አልሳቀም። ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ስለሚሰማ የሁለቱን ሰዎች ወሬ እንደ ሁለት መንገድ አየው፤ የት እንደሚገናኙ የገባው እሱ ብቻ ነበር። ሐጂን በክንዳቸው ይዞ ወደ ጎን አወጣቸውና በበርታ ያናግራቸው ጀመር። ሰራዊት በርታ ብዙም አይሰማም። «ሲጅን» የምትለዋን ቃል ግን ለየ፤ እስር ቤት ማለት እንደሆነች የአሶሳ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሐጂ ተመልሰው መጡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ያየው ግን የተከዳ ሰው ፊት ነው፣ ያ ሙዝ ይዞ የመጣው ሰውዬ ፊት። «ቁልፍ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ሰራዊት ሰጣቸው። መኪናዋን አብሯቸው የመጣው የሙርሳል የእህት ልጅ ባዶዋን ነድቶ ወሰዳት። ዳበሳ «ምላሴን በቆረጠው» እያለ ሚኒባስ ድረስ ሸኘው፤ ሰራዊት ራሱ ነበር ያጽናናው።

ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። «አልገባኝም» አላት ጤናዬን። «አውቀው አይደል እንዴ የቀጠሩኝ? ራሳቸው ጠይቀውኝ፣ እውነቱን ነግሬያቸው። ዛሬ ምን አዲስ ነገር ሰሙ?»

ጤናዬ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። «ሰራዊት፣» አለችው በቀስታ፣ «ጭነት ስታስር ሐጂ ምን ይሉሃል?»

«ታሰር ይሉኛል።»

ገመዱ፣ ሽመሉ፣ ነቀምት በደንብ ይታሰራል ያሉት፣ ሁሉም አንድ በአንድ መጥቶ ፊቱ ቆመ። የኖረባት ዓረፍተ ነገር ከሥሩ ስትሄድ ተሰማው። እንዲህ ያለ ባዶነት የተፈረደበት ቀን እንኳ አልተሰማውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አላት።

«ከመጀመሪያው ቀን። ዓኢሻ ሽንኩርት ስትገዛኝ ሁልጊዜ ‹በላስቲክ ታሰርልኝ› ነው የምትለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከእስር ቤት ከወጣህ ወዲህ አንገትህን ቀና አድርገህ ስትገባ ያየሁህ ያን ቀን ነበር» አለች። «እኔ ላጎብጥህ?»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ ወደ ተለመደው ጤናዬነቷ ተመለሰች። «ስማ፣ ነገ ሂድና ‹ጠይቀውኛል፣ ነግሬዎታለሁ› በላቸው። ውሸት የለበትም። ቃሉ ቃል ነው፤ አማርኛቸውን እሳቸው ያርሙ።»

ሰራዊት አሰበበት። እውነት ነው፣ ውሸት የለበትም። ግን ሐጂ ያን ቀን የሰጡት እምነት ለሌላ ሰው ነበር፤ ገመድ ማሰር ለሚችል፣ ስሙ ላልጎደፈ ሾፌር። እሱ ደግሞ በመሐል ገብቶ ተቀበለው። አሁን አውቆ ይዞት ቢቀር ከሲሚንቶው በምን ይለያል? «አይሆንም» አላት። «እውነቱን ነግሬ እመለሳለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሲሄድ ሐጂ ግቢያቸው ውስጥ፣ ትልቁ ማንጎ ሥር ተቀምጠዋል። ሙርሳል ቀድሞ ደርሷል። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃቸው ኑሃ ወደ ሥራ ልትወጣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማለች። ቁልፉ ሐጂ ፊት ምንጣፉ ላይ ነው።

«ከእኔ ጋር በላህ፣ ጠጣህ» አሉት ሐጂ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርሱ። «ለምን ደበቅከኝ?»

«ሐጂ፣ መጀመሪያ ቀን ጠይቀውኝ ነበር።»

«እኔ? ወላሂ አልጠየቅኩም።»

«‹ታስረህ ታውቃለህ› አሉኝ። ሦስት ዓመት፣ ነቀምት ብዬ መለስኩ።»

«እሱ ገመድ ነው የጠየቅኩ። ሽመል ታስረህ ታውቃለህ ነው ያልኩ።»

ኑሃ ሻሿን ወደ አፏ ወሰደች። ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አልሆነላትም። ከዚያ አባቷ አጠገብ በርከክ ብላ በበርታ፣ በሁለት እጇ ገመድ የሚያስር ሰው፣ ቀጥሎ ደግሞ እጁ የተጠፈረ ሰው እያሳየች አስረዳቻቸው። ሐጂ ሁለቱን ቃላት በአፋቸው አገላበጧቸው። «አስረህ። ታስረህ» አሉ። «አንድ ነው።»

«አንድ አይደለም ባባ» አለች ኑሃ። «በጣም ይለያያል።»

ሰራዊት አልተቀመጠም። «እኔም ትናንት ነው የገባኝ፣ ሐጂ» አለ። «ስለዚህ አንቱ ሳያውቁ ነው ቁልፉን የሰጡኝ። አማና ብለው የሰጡኝን በስህተት ነው የያዝኩት። ነቀምት የታሰርኩት ያመነኝን ሰው ሲሚንቶ ሰርቄ ነው። ይኼንንም አውቄ ብይዘው ሁለተኛ ስርቆት ይሆንብኛል። ይቅር በሉኝ።» ብሎ ለመሄድ ዞረ።

«ቆይ» አሉ ሐጂ። «ሌባ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«እኔ በደንብ ብጠይቅ፣ አንተን አልቀጥርም ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ሐጂ።»

የሐጂ ዓይን ከሰራዊት አልፎ ወደ አጥሩ ሄደ። ከአጥሩ ውጭ፣ ከዚያ ጉድጓድ ላይ የበቀሉት የማንጎ ችግኞች አናታቸው ይታያል፤ ቁመታቸው አጥሩን አልፎ ሄዷል።

«ያ የበሰበሰ ማንጎ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱን ሁሉ መንገድ የጫንከው ለዚህ ነው?»

«ሌላው ሾፌር ጣልኩት ቢል ይታመናል፣ ሐጂ። እኔን ማን ያምነኛል?»

ሙርሳል ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግማሹ ጭነት የሱ ስለሆነ ነው። ሰራዊትም እንዲሰማ ብሎ በአማርኛ ተናገረ። «ሐጂ፣ ጊዜ አናጥፋ። የእህቴ ልጅ አለ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አንድ ቀን ታስሮ አያውቅም።»

ሐጂ ጎንበስ ብለው ቁልፉን ከምንጣፉ ላይ አነሡ።

«እኔ ታስሮ የማያውቅ ሾፌር አልፈልግም» አሉ። «ታስሮ የማያውቅ ሰው ንብረት ያጠፋል።»

«ባባ፣ ‹አስሮ› ነው የሚባለው» አለች ኑሃ። «‹ታስሮ› ካልክ እኮ...»

«ዝም በል ኑሃ» አሉ ሐጂ። «ያልኩትን አውቃለሁ።»

ሙርሳል ሊናገር ፈልጎ የሐጂን ፊት አየና ተወው። ሐጂ ተነሥተው ሰራዊት ድረስ መጡ፣ እጁን ይዘው ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖሩለት፣ በራሳቸውም መዳፍ ዘጉለት። አሁንም «አማና ነው» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ወደ ገበያው ድምፅ መለሱት። «ባምባሲ ሽመል ይጠብቃል። ሂድ፣ ታሰር።»

ሰራዊት ቁልፉን ጨብጦ ወደ ደጁ ተራመደና ዞር አለ።

«እሺ ሐጂ» አለ። «እታሰራለሁ።»